ሙት ወቃሽ

በአገራችን ስለ ሞተ ሰው ክፉ ነገር ለመናገር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል። ይህን ካለ በኋላ ግን ዝም አይልም፤ ይወቅሳል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን አባባል ስሰማ ይደንቀኝ ነበር። ሙትን መውቀስ ነውር ከሆነ ለምን ይወቀሳል? ነውር ካልሆነስ ይቅርታው ስለ ምን ይቀድማል? ዛሬ ሳስበው ግን አባባሉ ሁለት እውነቶችን ባንድነት የያዘ ይመስለኛል። አንደኛው፥ ሙት ቀርቦ መልስ ሊሰጥ የማይችል ተከሳሽ ስለ ሆነ በእርሱ ላይ የሚናገር ሰው አፉን ሊጠብቅ እንደሚገባው ነው። ሁለተኛው፥ ሰውየው ስለ ሞተ ብቻ ሥራው አብሮት እንዳልተቀበረ ነው።

ይህ ነገር ስለ ጎረቤትና ስለ ዘመድ ሲሆን ቀላል ነው። ስለ ገዥዎች ሲሆን ግን ከባድ ይሆናል። የገዥ ሥራ እርሱ ከሞተ በኋላም በሕይወት ይኖራልና። ድንበሩ፥ መንገዱ፥ ሕጉ፥ የነጠቀው መሬትና የሸጠው ሰው ልጅ፥ ይህ ሁሉ ከመቃብሩ ውጭ ነው። ስለዚህ ባለፉት ገዥዎች ላይ እንዴት እንፍረድ? የሚለው ጥያቄ ለታሪክ ጸሐፊዎች ብቻ የሚተው አይደለም፤ አብረው ለሚኖሩ ሰዎች ሁሉ የሚነሣ ጥያቄ ነው።

እንዳስብበት ያደረገኝ ባንድ ምሽት በአሶሳ ከተማ፥ ባንድ ሻይ ቤት የሰማሁት ክርክር ነው። ከተማሪዎቼ አምስት የሚሆኑት ተቀምጠው ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ይከራከሩ ነበር። አንዱ ልጅ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ባለ ብዙ ባሪያ እንደ ነበሩ አንብቦ ኖሮ «እንዲህ ያለ ሰው ታላቅ ሊባል አይገባውም» አለ። ሌላው «በዚያ ዘመን ሁሉም እንደዚያ ነበር፤ ሰውን በዘመኑ ነው እንጂ በእኛ ዘመን አይፈርዱበትም» ሲል መለሰለት። ሦስተኛው «ክፉውንና ደጉን በሚዛን ማስቀመጥ ነው፤ ደጉ ከበለጠ ደግ፥ ክፉው ከበለጠ ክፉ ይባላል» አለ። ክርክሩ ሞቀ፤ ሣቅም ነበረበት። ከመካከላቸው አንዲት የበርታ ልጅ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየችና ወደ እኔ ዞራ፦ «ጋሼ፥ በአሜሪካ ሙታን ላይ መፍረድ ምን ያስቸግራል? የሚቀየመን የለም። እስቲ ስለ ሼክ ሖጀሌ እንፍረድ፤ ስለ አጤ ምኒልክም እንፍረድ» አለች።

ሣቁ ቆመ። ሁሉም ዝም አሉ። እኔም መምህራቸው ዝም አልሁ፤ በዝምታዬም አፈርሁ። ይህ ጽሑፍ በዚያ ምሽት ልሰጣት ይገባኝ የነበረው መልስ ነው።

ወጣቱ አንባቢ ነገሩን እንዲረዳልኝ አስቀድሜ ታሪኩን ባጭሩ ልናገር። በአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምዕራብ ሸጎሌ የሚባል ሰፈር አለ። በየቀኑ በታክሲና በአውቶቡስ ስሙ ሲጠራ ይውላል። የሚጠሩት ብዙዎቹ ግን በስሙ ውስጥ አንድ ሰው እንዳለ አያውቁም። ሸጎሌ ማለት ሼክ ሖጀሌ ማለት ነው፤ አፍ እየለመደው አጠረ። ሼክ ሖጀሌ አልሐሰን የአሶሳ ገዥ ነበሩ። ቤኒሻንጉል በብዙ ሼኮች ተከፍሎ ይገዛ በነበረበት ጊዜ፥ ይኸውም የቱርክ ግብፅ መንግሥትና ኋላም የመሐዲስቶች ኃይል ከሱዳን በኩል ይገፋ በነበረበት ዘመን የተነሡ ሰው ናቸው። በ1890 ዓ.ም. የአጤ ምኒልክ ጦር በራስ መኮንን መሪነት ዘምቶ አገሩን ያዘ። የአገሩ ሼኮች ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ፤ ሼክ ሖጀሌም ታስረው ከቆዩ በኋላ ተፈትተው ተሾሙና ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ለቤተ መንግሥቱ ወርቅ ይገብሩ ነበር። ወርቅ ብቻ ግን አልነበረም፤ ሰውም ይገበር ነበር። ከበርታው፥ ከማኦው፥ ከኮሞው፥ ከጉሙዙም መንደር እየተፈነገለ ወደ ደጋው የተነዳው፥ ወደ ሱዳንም የተሸጠው ሰው ብዙ ነው። የሼኩ ባለቤት ስት አምናም በዚሁ የሰው ንግድ ምክንያት በሱዳን በነበሩት እንግሊዞች እስከ መያዝ ደርሰዋል።

እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉ። አጤ ምኒልክ ማለት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ያገራቸውን ሰው ከባዕድ ቀንበር ያዳኑ ንጉሥ ናቸው። በዓለም ላይ ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ስማቸውን ሲሰማ ቀና እንዲል አደረጉ። በዚያው በእርሳቸው ዘመን፥ ከዓድዋ ጥቂት ዓመት በኋላ፥ ባገራቸው ምዕራብ ዳርቻ ያለ ጥቁር ሕዝብ ከብት እንደሚነዳ ይነዳ ነበር። ሼክ ሖጀሌም ያገራቸው ሰው ናቸው፤ ከውጭ የመጡ አይደሉም። ራሳቸውም ታስረው የእስርን መራራነት ቀምሰዋል። እንዲህ ባሉ ሰዎች ላይ እንዴት ይፈረዳል?

ከሁሉ አስቀድመን ያንዱን ተማሪ መልስ፥ «ሰው በዘመኑ ይፈረድ» የሚለውን እንመርምር። ይህ አነጋገር ጥበብ ያለበት ይመስላል፤ በከፊልም አለበት። በ1890 ዓ.ም. የነበረ ሰው የዛሬውን መጽሐፍ ስላላነበበ አይወቀስም። ዳሩ ግን «ዘመኑ» የምንለው ማንን ነው? ዘመን ማለት ገዥዎቹና መኳንንቱ ብቻ ናቸውን? የተፈነገለችው ልጅስ በየትኛው ዘመን ትኖር ነበር? እርሷም የዚያው ዘመን ሰው ነበረች። እጅዋ ሲታሰር «በዚህ ዘመን ይህ ነገር ልማድ ስለ ሆነ በደል አይደለም» ብላ አላሰበችም። አልቅሳለች፤ እናቷም አልቅሳለች። ለቅሶዋ ያን ጊዜ የተሰጠ ምስክርነት ነው። እንግዲህ «በዘመኑ ዓይን እንየው» ስንል ከዘመኑ ሰዎች መካከል በጉልበት ያሸነፉትን ብቻ ምስክር ጠርተን የተሸነፉትን ከችሎት እንዳናስወጣ እንጠንቀቅ።

ስለ ዋሽንግተንም ቢሆን ነገሩ እንደዚሁ ነው። በ1796 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ሆነው በፊላደልፊያ ሲኖሩ ኦና ጃጅ የምትባል የቤታቸው ባሪያ ጠፍታ ወደ ኒው ሃምፕሸር ሸሸች። ፕሬዚዳንቱ ሊያስመልሷት ሰው ላኩ፤ እርሷ ግን አልተመለሰችም። ድኻ ሆና አረጀች፤ ከድካሟ ብዛት የተነሣ ያንን ቤት በመተዋ ይቈጫት እንደ ሆነ በእርጅናዋ ሲጠይቋት ነጻ በመሆኗ እንደማይቈጫት ተናገረች። እርሷም የዋሽንግተን ዘመን ሰው ናት። የዘመኑን ሚዛን ከእርሷ ብንጠይቅ የምናገኘው መልስ ከዋሽንግተን ጎረቤቶች መልስ የተለየ ነው።

በእኛም አገር ምስክር አልጠፋም። አናሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር ተወልደው ገና ሕፃን ሳሉ ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ የተሸጡ ሰው ነበሩ። በ1870 እ.ኤ.አ. በምጽዋ ነጻ ወጡ፤ ተማሩ፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጕመው በ1899 እ.ኤ.አ. አሳተሙ፤ ኋላም ወደ ወለጋ ተመልሰው ሲያስተምሩ ኖሩ። ይህ ሰው አጤ ምኒልክ በነገሡበት፥ ሼክ ሖጀሌ በገዙበት ዘመን፥ ከአሶሳ ብዙ በማይርቅ አገር ይኖር ነበር። ታዲያ «በዚያ ዘመን ማንም አያውቅም ነበር» ማለት አናሲሞስን ከሰው አለመቍጠር ነው።

ከዚህም በላይ ገዥዎቹ ራሳቸው አላወቁም ለማለት አይቻልም። የቀድሞው የአገራችን ሕግ ፍትሐ ነገሥት በጦርነት የተማረከ ሰው ባሪያ እንዲሆን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ነጻነት ለሰው ሁሉ የተፈጥሮ መሆኑን አስቀድሞ ያምናል። አጤ ምኒልክም የባሪያን ንግድ የሚከለክል አዋጅ ከአንድ ጊዜ በላይ አስነግረዋል። የአሜሪካው ሦስተኛ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ መፈጠሩን በ1776 እ.ኤ.አ. የጻፉ ሰው ሲሆኑ በዕድሜያቸው ከስድስት መቶ በላይ ባሪያዎች ነበሯቸው። የሚከለክል ሰው ክፋቱን ያውቃል። ክፉ መሆኑን የጻፈ ሰው «አላወቅሁም» ሊል አይችልም። እንግዲህ «ሰው በዘመኑ ይፈረድ» የሚለው ሕግ በትክክል ከተሠራበት ባለ ሥልጣኖቹን ነጻ የሚያወጣ ሳይሆን የሚያስጠይቅ ሆኖ ይገኛል።

አሁን ደግሞ ወደ ሚዛኑ ልምጣ። «ክፉውንና ደጉን መዝነህ የበዛውን ውሰድ» የሚለው አሳብ በሕዝባችን ዘንድ እጅግ የተወደደ ነው። እኔም ብዙ ጊዜ አምኜበት ኖሬአለሁ። ያስተወኝ የገዛ ቤቴ ታሪክ ነው።

አባቴ የወሎ ሰው ነው። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረኀብ ከብቱ አለቀ፤ ሁለት ልጆቹንም ቀበረ። ከዚህ በኋላ የደርግ መንግሥት ባወጣው የሰፈራ ዕቅድ መሠረት ከብዙ ሰው ጋር ተጭኖ ወደ አሶሳ መጣ። በዚያ ዘመን ከሰሜን ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ የተወሰደው ሰው ወደ 600 ሺህ ይጠጋል። ወድዶ የመጣ ነበረ፤ ተገዶ የመጣም ነበረ። ከመንገድና ከወባ የተነሣ የሞተው ብዙ ነው። አባቴ ግን ተረፈ፤ በዚያው ጎጆ ሠርቶ እኔን ወለደ። እኔ ዛሬ ብዕር ይዤ የምጽፈው በዚያ ሰፈራ ምክንያት ነው። ስለዚህ አባቴ እስኪሞት ድረስ የዚያን መንግሥት ስም ክፉ አድርጎ አያነሣም ነበር። «እኔን ከሞት አፍ ያወጣ ነው» ይል ነበር።

ከመንደራችን አጠገብ አንድ የበርታ ሽማግሌ ነበሩ። ከአባቴ ጋር ጁምዓ ባንድ መስጊድ ጎን ለጎን ይሰግዱ ነበር፤ በኀዘንና በደስታም ይጠያየቃሉ። አንድ ቀን እኔን ጠርተው በጣታቸው እያሳዩ «ልጄ፥ እዚህ ቤታችሁ ከቆመበት ጀምሮ እስከዚያ ወንዝ ድረስ ቀርከሃ ነበር። ከቀርከሃው ወዲያ ያባቴ ማሽላ ይዘራበት ነበር። ትራክተር መጣና ባንድ ሳምንት ጠረገው። ማንም አልጠየቀንም» አሉኝ። ቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርሁት። ይቈጣ ይሆናል ብዬ ነበር። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ሰውየው የተናገረው እውነት ነው። እኔም የምለው እውነት ነው» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

የሚዛኑ ስሕተት ያን ቀን ታየኝ። ሰፈራውን በሚዛን ላይ እናድርገው፤ በአንድ ወገን የአባቴ ሕይወት፥ በሌላው ወገን የሽማግሌው መሬት ይቀመጥ። ሕይወት ከመሬት ይበልጣልና ሥራው ደግ ነበር ልንል ነው። ነገር ግን በጎውን የተቀበለው አንድ ሰው፥ ጕዳቱን የተቀበለው ሌላ ሰው ነው። ለአሕመድ የተሰጠ ገንዘብ የመሐመድን ዕዳ አይከፍልም። አንድ ሰው ከመሐመድ ላይ መቶ ብር ወስዶ ለአሕመድ ሁለት መቶ ቢሰጥ ለጋስ ነው ተብሎ ከመሐመድ ዕዳ ነጻ አይወጣም። ዓድዋም እንደዚሁ ነው። ዓድዋ ለሁላችን ክብር ነው፤ ለበርታውም ለጉሙዙም ክብር ነው። ዳሩ ግን ዓድዋ ከማኦ መንደር ለተነዳችው ልጅ የተከፈለ ካሣ አይደለም። ካሣ አድርገን የቈጠርነው እንደ ሆነ በስሟ ደረሰኝ የፈረምነው እኛ ነን፤ እርሷ ምንም አልተቀበለችም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚባለውም ስለዚህ ነው።

ስለዚህ የገዥን ሥራ መደመርና መቀነስ ትተን እያንዳንዱን ሥራ በየስሙ ልንጠራው ይገባል። ድል ድል ይባል፤ ዘረፋ ዘረፋ ይባል። ድሉ ዘረፋውን አያጥበው፤ ዘረፋውም ድሉን አያርክሰው። ይህን ማድረግ የሚከብደን ሰውን ባንድ ቃል ጠቅልለን መጥራት ስለምንወድ ነው። «ጀግና» ወይም «አረመኔ» የሚል ቃል አንድ ጊዜ ከተገኘ ከማሰብ ድካም እናርፋለን።

እንዲሁም ገዥን በሥራው ፍሬ ብቻ መፍረድ ያስታል። ለዚህ ከዚሁ ከቤኒሻንጉል አንድ ምሳሌ ላምጣ። አጤ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የድንበር ውል ተዋዋሉ። በዚያ ውል ቤኒሻንጉል ወደ ሱዳን ሳይሄድ በኢትዮጵያ ቀረ። በዚያው ውል ደግሞ የዓባይን ውሃ የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠሩ ቃል ገቡ። ከመቶ ዓመት በኋላ፥ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በዚሁ ክልል በጉባ የሕዳሴው ግድብ መሠረት ተጣለ፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። እንግዲህ አጤ ምኒልክ ግድቡ የሚቆምበትን መሬት ያስቀሩልን ናቸው ብለን እናመስግናቸው? ወይስ ግድቡን የሚቃወም ወረቀት የፈረሙ ናቸው ብለን እንውቀሳቸው? ሁለቱም ፍርድ ከንቱ ነው፤ እርሳቸው ስለዚህ ግድብ የሚያውቁት ነገር አልነበረምና። ሰው ሊጠየቅበት የሚገባው ባወቀውና በፈለገው፥ ሊያውቀውም ይገባው በነበረው ነገር ነው። ከዚያ ያለፈው የፈጣሪ ሥራ ነው።

እስካሁን የተናገርሁትን የሚያነብ አንዳንድ ወጣት «እንግዲያውስ በደለኞች ናቸውና ስማቸው ይፋቅ፤ ልጆቻቸውም ይክፈሉ» ሊል ይችላል። እዚህ ላይ መቆም አለብን፤ ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ወደ ገደል ነውና።

ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን፥ በቡለን ወረዳ፥ በበኩጂ ቀበሌ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ባንድ ቀን ተገደሉ። ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩበት። በዚያ ዘመን በመተከል ከየወገኑ የፈሰሰው ደም ይህ ብቻ አይደለም። የዚህ ሁሉ ምክንያት አንድ ነው አልልም፤ የመሬትና የሥልጣን ነገርም አለበት። ነገር ግን «አባቶችህ አባቶቼን ሸጠዋል» ወይም «ይህ አገር ያባቴ ነበር» የሚለው ቃል ለዛሬው ሰይፍ ሞረድ ሆኖ እንደሚያገለግል ያየነው ነገር ነው። በበኩጂ ከሞቱት ሕፃናት መካከል ሰው የሸጠ ወይም የሰው መሬት የነጠቀ አንድ ስንኳ አልነበረም።

ስለዚህ በሙት ላይ የሚሰጥ ፍርድ በሙቱ ላይ ብቻ መቆም አለበት። በደል በደም አይወረስም። የዚያች ተማሪ ታሪክ ይህን ያስረዳል። በኋላ ለብቻዋ ሳነጋግራት «ጋሼ፥ ቅድመ አያቴ በሼኩ ወገኖች ቤት በባርነት ያደገች ናት። ያገባትም ከዚያው ቤት ወገን የሆነ ሰው ነው። እኔ የተሸጠችውም የሻጩም ልጅ ነኝ። በማን ላይ ልነሣ?» አለችኝ። አገራችን በሙሉ እንደዚህች ልጅ ነው። የገዢና የተገዢ፥ የነጂና የተነጂ ደም በአንድ ሰውነት ውስጥ ይዞራል። በዘር ከፍለን እንፍረድ ብንል ብዙዎቻችን ከሣሽም ተከሳሽም ሆነን እንገኛለን።

በደል አይወረስም ስል ግን ምንም የሚወረስ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ቤትና መሬት ይወረሳል፤ ከእነርሱም ጋር እውነቱን የመናገር ዕዳ ይወረሳል። እኔ የሽማግሌውን ቀርከሃ አልመነጠርሁም፤ በዚያም ምክንያት ልወቀስ አይገባኝም። ነገር ግን «እዚህ ምንም አልነበረም፤ ባዶ ምድር ነበር» ብዬ ብናገር በደለኛ እሆናለሁ፤ በዚያን ጊዜ የምወቀሰው ስለ አባቴ ሳይሆን ስለ ራሴ ውሸት ነው።

ታዲያ ባጭሩ እንዴት እንፍረድ? እኔ አራት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይበቃል እላለሁ። አንደኛ፥ ሰውየው ክፉ መሆኑን ያውቅ ነበርን? ሁለተኛ፥ ሌላ ነገር ሊያደርግ ይችል ነበርን? ሦስተኛ፥ ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? አራተኛ፥ ፈራጁ እኔ ከፍርዱ ምን አተርፋለሁ?

ሁለተኛው ጥያቄ ምሕረትን ያስተምረናል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በ1863 እ.ኤ.አ. ያወጁት የነጻነት አዋጅ ነጻ ያወጣው ባመፁት ግዛቶች የነበሩትን ባሪያዎች ብቻ ነው፤ ከመንግሥቱ ጎን በቆሙት ግዛቶች ከነበሩት ብዙዎቹ እስከ 1865 እ.ኤ.አ. ቆዩ። በእኛም አገር አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በመጋቢት 1916 ዓ.ም. ያወጡት ሕግ ባሪያውን ሁሉ ባንድ ቀን ነጻ አላወጣም፤ ባርነትን ፈጽሞ የሻረው ሕግ የወጣው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ይህን ያህል መዘግየት ለእኛ ከባድ ነው፤ በዚያ መካከል በባርነት ለሞተው ሰው ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው። ቢሆንም ሥልጣኑ የቆመው በባለ ባሪያ መኳንንት ትከሻ ላይ ሆኖ ሳለ ትከሻውን ሊነካ የደፈረ ገዥ ምንም ካላደረገው ጋር አንድ አይደለም። የሄደበትን ያህል እናመስግነው፤ የቀረውንም ያህል አልሄደም እንበል።

አራተኛው ጥያቄ ግን የሚረሳው ነው። በአገራችን የፍርድ ልማድ በነገሩ ጥቅም ያለው ሰው ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም። እኔ በሰፈራው ሥራ ዳኛ ልሆን አልችልም፤ ከእርሱ ጠቅሞኛልና። ምስክር ግን ልሆን እችላለሁ። አንድ ሰው የአጤ ምኒልክን ስም ሲያወድስ ወይም ሲረግም ፍርዱ ለዛሬ ሹመቱ፥ ለዛሬ መሬቱ የሚጠቅመው እንደ ሆነ ቃሉን እንደ ዳኛ ቃል አንቀበለው፤ እንደ ተከራካሪ ቃል እንስማው። በሙታን ስም ከሚደረገው ክርክር ብዙው የሕያዋን ክርክር ነውና።

ስለ ስምና ስለ ሐውልት አንድ ቃል ልጨምር። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ስም ይጠራ ከነበረ ትምህርት ቤቱ ላይ ስሙን አነሣ። ዊልሰን ለመንግሥታት ማኅበር መመሥረት የደከሙ ሰው ሲሆኑ ባገራቸው መሥሪያ ቤቶች ጥቁሩን ከነጩ መለየት በእርሳቸው ዘመን እንዲስፋፋ አድርገዋል። ስሙ በመነሣቱ የተደሰተም ያዘነም ነበረ። እኔ ስም ማንሣትም ሆነ ማቆየት ብቻውን ፍርድ አይመስለኝም። ሸጎሌ የሚለው ስም ቢቀር የተሸጡት አይመለሱም፤ ቢቆይም ሼኩ አይጸድቁም። የሚጎዳው ስሙን እየጠሩ በውስጡ ያለውን አለማወቅ ነው። የሚያልፈው ልጅ «ሸጎሌ ማለት ምንድር ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ስለ ሼኩም፥ ስለ ወርቁም፥ ስለ ተነዱትም ሰዎች አሟልቶ የሚመልስለት ሰው ካለ ስሙ ትምህርት ቤት ይሆናል።

ወደዚያ ሻይ ቤት ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሼ ይህንን ሁሉ ለልጆቹ ነገርኋቸው። ልጅቱ ሰምታ ከጨረሰች በኋላ «እንግዲህ ሼክ ሖጀሌ ምን ነበሩ እንበል?» አለችኝ። «የታሰሩና ያሰሩ፥ አገር ያስተዳደሩና ሰው የሸጡ ገዥ ነበሩ በይ። ከዚያ አታሳጥሪው» አልኋት። ረዘመ ብላ ሣቀች፤ ሌሎቹም ሣቁ። ግን የዚያን ቀን ማንም ዝም አላለም፤ እስኪመሽ ድረስ እያንዳንዱ የሰማውን ያያቱን ታሪክ ሲናገር አመሸ፤ የወሎውም፥ የበርታውም፥ የሺናሻውም። አንዱ የሌላውን አላቋረጠም።

ወጣቶች ሆይ፥ እኛም አንድ ቀን ሙታን እንሆናለን። ዛሬ ሁሉም ስለሚያደርገው ነውር አይደለም የምንለው ነገር ሞልቷል። ጎረቤታችን ሲፈናቀል አይተን ያለፍነው፥ የድኻውን ልብ በዘሩ ምክንያት የሰበርነው፥ «ዘመኑ ነው» ብለን የተውነው ሁሉ ገና ላልተወለዱ ልጆች ክርክር ይሆናል። እነርሱም «ሙት ወቃሽ አያድርገን» ብለው ስለ እኛ መናገር ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ቆመን መልስ የምንሰጥበት አንደበት አይኖረንም። መልሱን ማዘጋጀት የሚቻለው ዛሬ ነው፤ የሚዘጋጀውም በሥራ ነው።